ዋልካ የሚፈርደው ክርክር

ከጎንደር ተነስተው፣ አይከልን አልፈው፣ ቁልቁለቱን ጨርሰው ነጋዴ ባሕር ሲደርሱ አየሩም መሬቱም ይለወጣል። ከዚያ ወዲያ እስከ ገንደ ውሃና እስከ መተማ ዮሐንስ፣ በአንድ በኩል ወደ ቋራ ገለጉ፣ በሌላው ወደ ምዕራብ አርማጭሆ አብደራፊ የሚዘረጋው ሜዳ የሰሊጥ፣ የጥጥና የማሽላ አገር ነው። በዚህ አገር ሾፌሮች ሻይ ይዘው ሲቀመጡ አንድ የማያልቅ ክርክር አላቸው። ከፋብሪካ እንደወጣ፣ ምንም ሳይጨመርበትና ሳይቀየርበት፣ ከመንገድ ውጭ የሚበልጠው ፎር ዊል የትኛው ነው? ሽማግሌዎቹ ላንድሮቨር ይላሉ። ጎልማሶቹ ከሃርድቶፕ ወዲያ የለም ይላሉ። በደርግ ዘመን ወታደር የነበሩት ዋዝን ያነሳሉ፤ ወጣቶቹ ደግሞ ደብል ጋቢና ፒክአፕ እያሉ ድምፃቸውን ከፍ ያደርጋሉ።

ለሰሚው የጊዜ ማሳለፊያ ይመስል ይሆናል። እኔ ግን እንደዚያ አላየውም። በዚህ ቆላ ነሐሴ ላይ እባብ የነደፈው የቀን ሠራተኛ፣ ምጥ የያዛት እናት፣ በካላዛር የመነመነ ሳሉግ (ከደጋ የወረደ ወቅታዊ የእርሻ ሠራተኛ) ሆስፒታል የሚደርሰው መኪናው ጭቃውን ካለፈ ብቻ ነው። ስለዚህ ክርክሩን ከሥሩ፣ መኪና ከመፈጠሩም በፊት ከነበረበት ዘመን ጀምሬ ልተርከው።

በመጀመሪያ ስለ አፈሩ። ዋልካ ይባላል፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ውኃ ሲነካው የሚያብጥና ሲደርቅ የሚኮማተር ሸክላ አፈር ነው። በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ መሬቱ ክንድ እስኪያስገባ ይሰነጠቃል፤ ላዩ ግን እንደ ጡብ ስለሚደርቅ ማንኛውም መኪና በላዩ ይበራል። ሰኔ ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድ ያ ሁሉ ስንጥቅ ይዘጋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አፈሩ እንደ ሊጥ ጎማ ላይ መጠቅለል ይጀምራል። ጎማው በዞረ ቁጥር አዲስ ሽፋን ይደርባል፤ የጎማው ጥርስ ይሞላል፣ ይጠፋል፤ በመጨረሻ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ገብቶ ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቅተዋል። ሞተሩ ኃይል አላነሰውም፤ የተሸነፈው በክብደት ነው። በአሸዋና በድንጋይ ላይ ስሙ የገነነ መኪና እዚህ ሲንበረከክ ያየ ሰው፣ ከመንገድ ውጭ የሚባለው ነገር በየቦታው የተለያየ መሆኑ ወዲያው ይገባዋል።

የመጀመሪያው ክርክር በግመልና በበቅሎ መካከል ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መተማ የሁለት ዓለም መገናኛ ገበያ ነበረች። ከሱዳን በኩል ግመሎች ጨርቅና ሸቀጥ ጭነው ይመጡ ነበር፤ ከደጋው ቡና፣ ሰምና ማር በበቅሎና በአህያ ይወርድ ነበር። በባርነት የሚሸጥ ሰውም በዚሁ ገበያ አልፏል፤ ይህን ሳያነሱ የመተማን ንግድ ማውሳት አይገባም። በ1854 ዓ.ም. እዚህ የደረሰው እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር፣ በ1858 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስን መልስ እዚሁ ሆኖ የጠበቀው መልእክተኛ ሆርሙዝድ ራሳምም ይህን ገበያ አይተዋል። ግመል ሜዳውን ያለ ውኃ ያቋርጣል፤ የጭልጋን ዳገት ግን አይወጣም፤ እርጥብ ዋልካ ላይ ደግሞ ሰፊው ሰኮናው ተንሸራቶ እግሩ ይበረቀቃል። በቅሎ ዳገቱን ትወጣለች፤ የቆላው ዝንብና በሽታ ግን ይፈጃታል። ስለዚህ ነጋዴው አንዱን ከአንዱ አላበላለጠም። መተማ ላይ ጭነቱን ከግመሉ አውርዶ በበቅሎ ይጭን ነበር። እንደ እኔ እምነት የከተማዋ መኖር ራሱ የዚህ ክርክር ውጤት ነው፤ አንዱ መጓጓዣ አቅቶት ሌላው በሚጀምርበት ወሰን ላይ የበቀለች ከተማ ናትና።

ከዚሁ ቆላ፣ ከቋራ የተነሱት አፄ ቴዎድሮስ ደግሞ መንኮራኩር ከተራራ ጋር የተጋጠመበትን ታላቅ ፈተና በሕይወታቸው መጨረሻ አዩት። 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ መንገዱን በባሩድና በዶማ እየጠረጉ፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው በገመድ እየሳበ ወራት ፈጅቶባቸዋል። መንገድ የሌለበት መንኮራኩር የሰው ጉልበት ምን ያህል እንደሚበላ ከእሳቸው በላይ ያወቀ ንጉሥ አልነበረም።

አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ሲወድቁ ሠራዊቱ የመጣው በእግርና በፈረስ ነው። ወሩ ግን ይጤን፤ መጋቢት ነው። ያን ያህል ሠራዊት በነሐሴ ወደ መተማ ሜዳ ማውረድ ማንም አያስብም። ጦረኛው የቀን መቁጠሪያውን ከዋልካው ጋር አስማምቶ ነው የዘመተው።

መኪና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሌይ ሲድሌይ የምትባል መኪና ከጅቡቲ በኩል አምጥቶ ለአፄ ምኒልክ አቀረበ። በበረሃና በገደል ያለፈች ብትሆንም በሁለት ጎማ የምትስብ ቀላል መኪና ነበረች፤ ብዙ ቦታ በሰውና በከብት ተጎትታለች። ያ ዘመን መተማን እምብዛም ስላልነካት በፍጥነት ልለፈው።

ሞተር በብዛት ወደዚህ ቆላ የመጣው ከጦርነት ጋር ነው። ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ጣሊያን ከመተማ ተሻግሮ ጋላባትን ከእንግሊዝ እጅ ነጠቀ። ከክረምቱ በኋላ፣ ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የ10ኛውን የሕንድ ብርጌድ ይዞ ጋላባትን መልሶ ለመያዝ ተነሳ። 6 ክሩዘርና 6 ቀላል፣ በድምሩ 12 ታንኮች ነበሩት። በዚያ ግንባር ይህ ትልቅ ኃይል ነው፤ ጣሊያኖቹም ታንክ ይመጣብናል ብለው አልጠበቁም።

ታንክ ሰንሰለት ለብሶ ክብደቱን በሰፊው የሚዘረጋ ተሽከርካሪ ነው፤ ከመንገድ ውጭ ለመሄድ ተብሎ የተሠራ ከእሱ የሚበልጥ የለም ሊባል ይችላል። ጥቅምት ነውና ጭቃውም ጠንክሯል። የጋላባት ምሽግ በማለዳ ተያዘ። ነገር ግን በኮረብታውና በሣሩ ውስጥ የተሸሸገ ድንጋይ ነበረ። ሣሩ ከሰው ቁመት ይረዝማል፤ ሾፌሩ ድንጋዩን የሚያገኘው ሲወጣበት ነው። በድንጋይና በፈንጂ የታንኮቹ ሰንሰለት ይበጠስ ጀመር፤ ቀኑ ሳይመሽ ከ12ቱ አብዛኞቹ ቆሙ። ሰንሰለቱ መልሶ የሚቀጠል ነበር። ግን መለዋወጫ የጫነው ካሚዮን በጣሊያን አውሮፕላን ቦምብ ተመትቶ ነደደ። እንግዲህ ታንኩ አለ፣ ባለሙያው አለ፣ የሚቀጠለው ሰንሰለት ግን የለም። መተማ ሳትያዝ ቀረች፤ ከጋላባትም ወደ ኋላ ማፈግፈግ ግድ ሆነ።

ይህን ታሪክ ደጋግሜ የማነሳው ስለ ታንክ ለማውራት አይደለም። በመተማ መሬት ላይ ከዚያ ወዲህ የመጣ መኪና ሁሉ የተፈተነው በዚሁ ፈተና ስለሆነ ነው፤ ሲሰበር መለዋወጫው የት ነው?

በዚያው ዓመት ጥር 12 ቀን አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቋራ በስተ ደቡብ በኦመድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። ከሱዳን የተከተሏቸው ካሚዮኖች ወደ በላያ ተራራ በሚወስደው መሬት ላይ መንገድ እየተጠረገላቸው፣ በየወንዙ ዳርቻ እየተገፉ፣ በድንጋይ እየታገዱ ሲንፏቀቁ ሰነበቱ። ንጉሠ ነገሥቱን ያጀበው የእንግሊዛዊው መኮንን የዊንጌት ጦር ዋነኛ ማጓጓዣ ግመል ነበር፤ 15,000 ያህል ግመል ተሰብስቦ ተነስቶ ከዘመቻው የተረፈው እጅግ ጥቂት ነው። የድሮው የመተማ ነጋዴ ቢጠየቅ ግመሉ ዳገት እንደማይወጣ በነገራቸው ነበር።

ጣሊያን ጥር 23 ቀን መተማን ለቆ ወደ ጎንደር ሲያፈገፍግ መንገዱን በፈንጂ ሞልቶት ሄደ። ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ የሕንድ መሐንዲስ መኮንን በብረት ለበስ ሰንሰለታማ መኪና ፊት ፊት እየሄደ፣ መኪናው ከሥሩ ሁለት ጊዜ ፈንድቶ፣ ጆሮው ደምቶ፣ 88 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ላይ 15 የፈንጂ ወረዳ በ4 ቀን ገደማ አጸዳ። የእንግሊዝ ከፍተኛው የጀግንነት ኒሻን ቪክቶሪያ ክሮስ የተሰጠው ለዚህ ነው። ዛሬ አስፋልት ላይ ከመተማ ወደ ጎንደር የሚበር ሾፌር ይህን ስም ቢያውቀው ደስ ይለኛል።

ከጦርነቱና ከማግስቱ ዓለም ሁለት ትናንሽ መኪናዎችን አገኘ። አንደኛዋ የአሜሪካ ዊሊስ ጂፕ ናት፤ 60 የፈረስ ጉልበት፣ ክብደቷ ከአንድ ቶን ትንሽ ከፍ ያለ። ስሟ በአማርኛ ሥር ሰዶ ለብዙ ዘመን ማንኛውም የገጠር መኪና «ጂፕ» ይባል ነበር። ሁለተኛዋ በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት የቀረበችው ላንድሮቨር ናት። በእንግሊዝ ከጦርነቱ የተነሳ ብረት በራሽን ስለነበር አካሏ ከአሉሚኒየም ተሠራ። ይህ የችግር ዘዴ ዕድሜ ሰጣት፤ ላሜራዋ አይዝግም፣ ቀላልም ናት። በዋልካ ላይ ቀላል መሆን ከፈረስ ጉልበት ይበልጣል።

ሽማግሌዎቹ ሾፌሮች ላንድሮቨርን ሲያወድሱ ይህንን በሌላ ቃል ነው የሚናገሩት። አንድ በወጣትነታቸው እርሻ ላይ የነዱ አባት ሲያጫውቱኝ፣ «ብትሰምጥም አራት ሰው ከጎን ይዞ ያወዛውዛታል፤ ትወጣለች» አሉኝ። ድካሟንም አልደበቁም። የኋላ አክስሏ ዘንግ በጭነት ይሰበር ነበር። ሲሰበር ግን የተሰበረውን ዘንግ መዝዞ፣ ፎር ዊል አስገብቶ፣ በፊት ጎማ ብቻ እየሳቡ ወደ ቤት መመለስ ይቻላል። ባሌስትራ ሲሰበር እንጨት ደግፈው በጠፍር ጠምጥመው ገብተዋል። መኪናዋ መሰበሯ አያስቆጣቸውም፤ ተሰብራም ቤት ማድረሷን ነው የሚያስታውሱት።

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሰቲት ሁመራና መተማ በትራክተር የሚታረስ የባለሀብት እርሻ አገር መሆን ጀመሩ። ሰሊጥና ጥጥ በስፋት ተዘራ፤ በመቶ ሺህ የሚቆጠር ሠራተኛ ለአረምና ለአጨዳ ከደጋው ይወርድ ጀመር። ጎንደሬ ባለ እርሻ ላንድሮቨሩን ለራሱ፣ ማሲ ፈርጉሰን ትራክተሩን ለመሬቱ ገዛ። በነገራችን ላይ በዚያ ዘመን ድንበሩን መሻገር ራሱ ጥንቃቄ ይጠይቅ ነበር። ኢትዮጵያ ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. የመንገድ አቅጣጫዋን ከግራ ወደ ቀኝ ስትቀይር ሱዳን በግራ መንዳቷን ቀጠለች፤ እስከ ሐምሌ 1965 ዓ.ም. ድረስ፣ ከመተማ ወደ ጋላባት የተሻገረ ሾፌር በጥቂት ሜትር ርቀት ጎኑን መቀየር ነበረበት።

ጃፓናዊው ተፎካካሪ በዚህ ጊዜ ቀስ ብሎ እየመጣ ነበር። ቶዮታ በ1943 ዓ.ም. የሠራት መኪና የፉጂ ተራራን እስከ ስድስተኛው ጣቢያ ወጥታ ነው የታወቀችው፤ ላንድክሩዘር የሚለው ስም በ1946 ዓ.ም. ወጣላት። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ የተሠራችው ባለ 40 ተከታታይ ሞዴል፣ አጭሯና ክብ ዓይኗ፣ ወደ ኢትዮጵያ ስትገባ ላንድሮቨር ያልነበራትን ሁለት ነገር ይዛ መጣች። ባለ 6 ሲሊንደር ትልቅ ሞተርና የማይሰበር አክስል ነበራት። ከበድ ትላለች። የሁለቱ ወገን ክርክር በትክክል የጀመረው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን ቀላሏ መኪና አትሰምጥም ይላል፤ ሌላው ጠንካራዋ መኪና ብትሰምጥም አትሰበርም ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

ክርክሩን አብዮቱ አቋረጠው። እርሻዎቹ በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተወረሱ። በ1969 ዓ.ም. መተማና ሁመራ ደርግን በሚዋጋው በኢዲዩ እጅ ገብተው በዚያው ዓመት ደርግ መልሶ ያዛቸው። ቀጥሎ የሶቪየት መኪና መጣ። ዋዝ ከ1965 ዓ.ም. ጀምሮ በኡሊያኖቭስክ የተሠራ መኪና ነው። ለጦር ሠራዊት የሚሠራው ዓይነት በየጎማው በኩል ተጨማሪ ጥርስ ስላለው ሆዱ ከመሬት 30 ሳንቲ ሜትር ይርቃል። በዚያ ዘመን በዚህ ረገድ ከፋብሪካ እንደወጣ የሚስተካከለው ጥቂት ነበር። ድንጋይ ሆዱን አይነካም፤ በተቆረጠ የመኪና ዱካ ውስጥ ሲገባም ዲፈረንሻሉ ጭቃውን አያርስም። ኡራል ካሚዮን ደግሞ ሾፌሩ ከጋቢና ሳይወርድ የጎማውን ነፋስ መቀነስና መጨመር የሚችልበት መሣሪያ ነበረው። ጎማ ነፋሱ ሲቀንስ ይንጣለላል፤ መሬት የሚነካበት ስፋት ይጨምራል፤ ጭቃው ላይ ይንሳፈፋል። በመሐንዲስነት ከተመዘነ ለዋልካ ከሁሉም ይልቅ የታሰበበት ኡራል ነው ብዬ አምናለሁ።

ነገር ግን ዋዝ ቤንዚን ጠጪ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ፣ ወዲያውም ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ፣ መለዋወጫው ተቋረጠ። በየቀበሌው ግቢ በጎማው ላይ የተቀመጠ፣ ልጆች መሪውን የሚያዞሩት ዋዝ የዚያ ትውልድ ትዝታ ነው። የጋላባት ታንኮች ዕጣ ደረሰው።

ወደ ኋላ አንድ ጊዜ ልመለስ፤ ኅዳር 1977 ዓ.ም. በዚያ ወር ቶዮታ በጃፓን ባለ 70 ተከታታይ ላንድክሩዘርን ለገበያ አወጣ። በዚያው ወር ከጎንደር አካባቢ መንደሮች በእግራቸው ወርደው፣ ይህን ቆላ በሌሊት አቋርጠው፣ ገዳሪፍ አጠገብ በኡም ራኩባ ካምፕ የተጠለሉትን ቤተ እስራኤላውያን በአውሮፕላን የማውጣት ዘመቻ ተጀመረ። በመንገዱና በካምፑ ሺዎች ሞተዋል። ያን ሁሉ ሕዝብ ያሻገረው እግሩ ብቻ ነበር። ቋራ ውስጥ ስለ መኪና ሲወራ ያን ጉዞ አስታውሰው ዝም የሚሉ አረጋውያን አሉ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ቆላው የሃርድቶፕ ሆነ። ሃርድቶፕ የምንለው ከባለ 70ው ቤተሰብ ረዥሙ፣ ጣራው ድፍን ብረት የሆነው ነው። ጥር 1982 ዓ.ም. የተዋወቀው ሞተሩ 4.2 ሊትር፣ 6 ሲሊንደር፣ ናፍጣ የሚጠጣ፣ ቱርቦ የሌለው፣ ኮምፒውተር የማያውቀው ነው። በሜዳ ላይ ቀርፋፋ ነው። ግን ቆሻሻ ናፍጣ ይችላል፤ በገዳሪፍም በጎንደርም የተቀዳውን አይመርጥም። የእርዳታ ድርጅቶች የሚይዙት ዓይነት ሁለት ባለ 90 ሊትር ታንከር ስላለው ነዳጅ በሌለበት አገር ብዙ ይሄዳል።

ብዙ ሰው የሚዘነጋው ጎማውን ነው። 7.50 ባለ 16፣ ቀጭንና ረዥም፣ ካላማዳሪያ ያለው ጎማ። ይህ ልክ የድሮዋ ረዥም ላንድሮቨር ጎማ ልክ ነው። የግራርና የቁርቁራ እሾህ ሲወጋው ሾፌሩና ረዳቱ በሁለት ሌቨር አውልቀው፣ ካላማዳሪያውን ለጥፈው፣ በእጅ ፖምፓ ነፍተው ይሄዳሉ። ካላማዳሪያ የሌለው ዘመናዊ ሰፊ ጎማ ከጠርዙ አንዴ ከወጣ ያለ ኮምፕሬሰር መመለስ ይቸግራል፤ ከገለጉ ወዲያ፣ በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ጫፍ፣ 2,665 ካሬ ኪሎ ሜትር ዱር መካከል ኮምፕሬሰር የት ይገኛል?

ላንድክሩዘር በ1979 ዓ.ም. በሱዳን ጎረቤት በቻድ ስሙን አስጠርቶ ነበር። የቻድ ወታደሮች በላንድክሩዘርና በሃይሉክስ ፒክአፕ ፈጥነው እየተንቀሳቀሱ የሊቢያን ታንክ ጦር ስላሸነፉ ጦርነቱ በቶዮታ ስም ተጠራ። የመተማ ሾፌሮች ግን ይህን ሲሰሙ «አሸዋ ነው እኮ» ይላሉ። ልክ ናቸው።

በ1995 ዓ.ም. የአማራ ክልል የሰፈራ መርሐ ግብር ከደጋው ወደ መተማና ቋራ ብዙ ቤተሰብ አወረደ። አዲሶቹ መንደሮች ከበጋ ፒስታ በቀር መንገድ አልነበራቸውም። የወባ መድኃኒት፣ ዘር፣ እህል ከሰኔ በፊት ካልገባ እስከ ጥቅምት አይገባም። ትንሽ ቆይቶ ለየወረዳው አምቡላንስ ሲታደል የተመረጠው ሃርድቶፕ ሆነ፤ አብደራፊ ላይ ካላዛርንና የእባብ ንድፊያን ሲያክሙ የቆዩት ድንበር የለሽ ሐኪሞችም የታወቁት በዚያው ዓይነት ነጭ መኪና ነው። የክርክሩ ፍርድ በዚህ ያለቀ መሰለ። ላንድሮቨርም በሶሊሃል ፋብሪካ የመጨረሻዋን ነባር ዲፌንደር ጥር 2008 ዓ.ም. አውጥቶ ተሰናበተ።

ያላለቀ መሆኑን ያየሁት በአንድ ነሐሴ ነው። መድኃኒት ከጫነ ሃርድቶፕ ጋር ከገንደ ውሃ ወደ ቋራ እየሄድን ነበር። ሾፌሩ ጎልማሳ ነው፤ ከጎኑ ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ፣ በወጣትነታቸው ላንድሮቨር የነዱ ባልደረባው ተቀምጠዋል። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበር እስከ ቀትር እንቆይ አሉ። እኛ ቸኮልን፤ ጥፋቱ የእኛ ነው። ሽንፋ ወንዝ ሳንደርስ አንድ ረባዳ ላይ መኪናው መሪውን አልሰማ አለ፤ አፍንጫው ወደ ግራ፣ ጅራቱ ወደ ቀኝ ሄደና ቆመ።

ሾፌሩ ጫማውን አውልቆ ወረደ። በዚህ መኪና የፊት ጎማ መሐል ያለው ሃብ፣ ፎር ዊል እንዲስብ፣ በእጅ ነው የሚቆለፈው። ሳይቆልፍ ገብቶ ነበር። ሃብ ያለበት ቦታ አይታይም፤ ጭቃው ከጎማው ጋር አንድ ሆኖ እንደ ትልቅ ድፎ ዳቦ ክብ ሆኗል። በገጀራ ጫፍ ጫረው። ብረቱ ሲታይ በጨርቅ ጠርጎ በጣቱ ለማዞር ሞከረ፤ ጣቱ ይንሸራተትበታል። ሽማግሌው ከላይ፣ «አፈር ሳይጠጣ በደረቅ መሬት ቆልፍ ብዬህ ነበር ልጄ» አሉት።

«ልክ ነዎት ጋሼ። ላንድሮቨሩ ቢሆንስ ኖሮ?»

«ላንድሮቨሩማ እዚህ ድረስ አይከብድም ነበር።»

«ከዚህ ቢያልፍስ ጋሼ፣ አክስሉን ሽንፋ ላይ ጥሎት ይገባ ነበር።»

«ይጥለዋ! ጥሎትም ይገባል።»

ሃቦቹ በመከራ ተቆለፉ። ጎማዎቹን አስተነፈስን። ቅርንጫፍ ቆርጠን ከሥር አስገባን። በዝቅተኛው ማርሽ ሲሞክር አራቱም ጎማ ዞረ፤ መኪናው ግን ወደ ፊት መሄዱን ትቶ ወደ ታች ሄደ፤ ዲፈረንሻሉ ዋልካው ላይ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ የሚደረግ ነገር አልነበረም። ዝንቡ ያስቸግራል፣ ፀሐይ ትወጣለች፣ ዋልካው ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ሊጥ ነው።

ከአንድ ሰዓት በላይ ከቆየን በኋላ ከእርሻ የሚመለስ ትራክተር መጣ። የነዳው ከሃያ ዓመት የማይበልጥ ልጅ ነው። የኋላ ጎማው ከሰው ደረት ከፍ ይላል፤ ጥርሱ ጥልቅና ማዕዘን ያለው ስለሆነ በዞረ ቁጥር ጭቃውን ወደ ኋላ ይወረውራል፤ አይጠቀለልበትም። ሰንሰለቱን በእኛ ፊት መንጠቆ ላይ አሰረ፤ አንዴ ላላ አድርጎ አየ፤ ሳበ። ሃርድቶፑ ከዋልካው ሲላቀቅ ከሥሩ አየር ሲገባ የተሰማው ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ገንዘብ ስንሰጠው፣ «መድኃኒት ነው የጫናችሁት?» ብሎ ጠየቀና እጁን መለሰ።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ብዙ አይቷል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የሱዳን ጦርነት ሲፈነዳ በመተማ በኩል ሺዎች ተሻገሩ፤ በኩመርና በአውላላ የስደተኛ ጣቢያዎች ተከፈቱ፤ ነጭ ሃርድቶፖች በብዛት ወደ ቆላው ወረዱ። ሱዳናውያኑ ይዘውት በመጡት ሃይሉክስ፣ የእኛዎቹ በያዙት ደብል ጋቢና ክርክሩ አዲስ ተከራካሪ አገኘ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት መወሰኑን ተከትሎም፣ ወጣቶቹ ኤሌክትሪክ ፎር ዊል ዋልካን እንዴት ያልፋል ብለው ይጠይቃሉ። ባትሪው ይከብዳል፤ ያ የድሮው የክብደት ጥያቄ ነው።

ያን ቀን ሽንፋን ከተሻገርን በኋላ ደረቅ ጠጠር ላይ ቆምን። ሾፌሩ ወርዶ የጎማውን ነፋስ በፖምፓ መለሰ፤ ከዚያም በገጀራው ሁለቱን የፊት ሃቦች ጠረገ። ሽማግሌው ከጋቢናው ወርደው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። አንዱን ሃብ እሱ፣ ሌላውን እሳቸው በጨርቅ እያበሱ፣ የቀረውን መንገድ ዳመናውን አሻግረው እያዩ፣ ሃቡን አሁን እንፍታው ወይስ እንደተቆለፈ እንተወው በሚለው ላይ መከራከር ጀመሩ።